የታየ እንስሳ

መዝገቡ ባለ አምስት ዓምድ ነው፤ በቀይ እስክርቢቶ የተሰመረ፣
በእኔው እጅ፣ ያለ ማስመሪያ፤ አንዱ መስመር ተጣሞ የቀረ።
ቀን። ስም። አገር። የትኬት ቁጥር።
መጨረሻው «የታየ እንስሳ»፤ አዘውትሮ ባዶውን የሚያድር።

ሰኞ ማለዳ ከሐረር መናኸሪያ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣
ከባቢሌ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲከዳን፣ እወርዳለሁ።
የቆርቆሮ ጎጆ፣ የእንጨት መዝጊያ፣ አንድ ወንበር፤
እስክርቢቶዬ በሲባጎ ታስሯል፣ ቱሪስት ይዞት እንዳይበር።
ከፊቴ «ሎጅ ይሠራል» የሚል ሰሌዳ፣ መዋኛ ገንዳ የተሣለበት፤
አራት ዓመቱ፤ እስካሁን ፍየል ብቻ ነው ጎኑን የሚያክበት።

ባርኔጣ የደፉ ባልና ሚስት፣ አንገታቸው ላይ መነጽር፣
ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረው፣ ሲወጡ ጻፉ ባጭር፦
«ፋንድያ። ዳና። የተሰበረ ግራር።»

የባንክ ሠራተኛው ሙሽራ፣ ከድሬዳዋ፣ ከቀፊራ፣
«ኔትወርክ የለም» ብሎ ጻፈ ከእንስሳቱ ተራ።
ሚስቱ ከሥሩ፣ ከነሒናው እጇ፦ «ዝንጀሮ። ሻንጣ ከፋች። ሰው አይፈራ።»
አንድ ልጅ ደግሞ ዝሆን ሥሎ ሄደ፤ ባለ አምስት እግር፤
ዓምዱ ስለጠበበው፣ ጭራው ያደረው ከትኬት ቁጥር ሰፈር።

ስካውቱ ሙሜ ፋንድያውን በመዳፉ ይዳስሳል፤
«ሦስት ሰዓት ሆኖታል» ይላል፤ ሰዓት የለውም፣ ያውቃል።
«እናንተ አላያችሁትም እንጂ፣ እሱስ አይቷችኋል።»
እንግዳው ይስቃል።
ሙሜ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻ ያዞርና ይሄዳል።

በጥቅምት ነው፤ ወንበሬን ከጤዛው ገና ሳልጠርግ፣
ዘይቱና ቡሽራ መጣች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበት አፈር፣
በቀኝ እጇ የተቀጠቀጠ ጣሳ፣ በግራዋ ዱላ ነበር።
«ትኬት ነው?» አልኳት።
«የምን ትኬት? እኔ የትም አልገባሁም፤
የገቡትስ እነሱ ናቸው፣ በእኔ አጥር፤ ማንም ትኬት አልቆረጠላቸውም።
ጻፊ፦ አራት። ሦስት ትልልቅ፣ አንድ ጨቅላ፤
ከእኩለ ሌሊት እስከ ሱብሂ አዛን፣ ኦቾሎኒዬን ከነናቱ ሲበላ።
ለአንድ ሌሊት ስንት ነው የምታስከፍሉት፣ ለድንኳን?
እኔስ ዘንድ ላደሩት፣ ማንን ልጠይቅ ሒሳቡን?»

የዋጋውን ዝርዝር ቀና ብዬ አየሁ፦ የውጭ ዜጋ፣ ነዋሪ፤
ለዝሆን የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ ለዘይቱናም። ዝም አልኩ፣ መልሱ እንደጠፋው ተማሪ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድምጿ ወረደ።
«ጣሳውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ እጄ ግን አልሄደ።
ጨቅላው አያውቅበትም፤ ቅጠሉን ይይዝና ይበጥሳል፣
ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል። እናቱ ታየዋለች። ይደግማል።
በኋላ በእግሯ መሬቱን ላላ፣ ላላ አደረገችለት፣
ሥሩን ነቀለች፣ ጉልበቷ ላይ አራገፈች፣ አፉ ውስጥ ከተተችለት።
የእኔዋ ሱመያም አምና መንቀል ስትማር እንዲሁ ነበረች።
ጣሳውን ስመታ፣ ግማሽ መስመር አልቋል» አለች።

ጻፍኩ። ስም፦ ዘይቱና ቡሽራ።
አገር ስላት በዱላዋ መሬቱን ነካች፤ «ይቺው።»
የትኬት ቁጥር ላይ ስደርስ እስክርቢቶዬ ቆመ።
«ግማሽ መስመር ኦቾሎኒ በይው» አለች፤
«እኔስ ከፍዬ ነው ያየሁት።»

በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ደረሰኝ ቆጠረ፤
ያችን መስመር በጣቱ ይዞ «ይሄ ምንድነው?» አለ።
«የተከፈለ» አልኩት።
በእርሳስ፣ ከጎኗ፣ የጥያቄ ምልክት አኖረ።

እኔ? ሦስት ዓመቴ። ስሜ በመዝገቡ የለም፤ ዝሆን አላየሁም።
አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ፣ ቁልቋል ሲሰበር ሰማሁ፤
እርጥብ ድምፅ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣
ግድግዳው ራሱ የተነፈሰ ይመስል።
ባትሪዬ እጄ ላይ ነበር።
አላበራሁም።

ጠዋት የእንጨቱ መዝጊያ ተጋድሟል፤
ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ።